ሃያ ሦስት ዋናተኞችና አንዲት ኬቱራ

ሦስቱም በራሪ ወረቀቶች ላይ ውኃ አለ። ኪምሮን ገለበጣቸው። ከጀርባቸውም ውኃ ነው።

«በል እንጂ፣ የክፍል አለቃ!» አሉ መምህርታቸው ሚስ ኦጊልቪ። የሚስ ኦጊልቪ ድምፅ ከግሬናዳ በስተሰሜን በባሕር ሥር የተኛውን እሳተ ገሞራ ከእንቅልፉ ሊያስነሣ ይችላል፤ እስካሁን ያልተነሣው እሳቸውን ፈርቶ ነው። «ሽልማቱን ያሸነፈው ክፍላችን ነው፣ የሚመርጠው አለቃችን ነው። እስከ ረቡዕ ካላሳወቅን ቀናችንን ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጡብናል!»

ሽልማቱ በካታማራን ግማሽ ቀን መንሸራሸር ነው። ክፍሉ ስለ ባሕር በተደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር የደሴቲቱን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ጠራርጎ አሸንፏል፤ «ሌዲ ኮራሊ» የምትባለው ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ባለቤት ደግሞ ከሦስቱ ጉዞዎች አንዱን በነፃ ሰጥተዋል። የመጀመሪያው ጉዞ በባሕር ወለል ላይ ሐውልቶች ወደቆሙበት ቦታ ይወስዳል፤ እዚያ ጭምብል አጥልቀው፣ የመተንፈሻ ቱቦ ጎርሰው ከላይ ሆነው ያያሉ። ሁለተኛው ኤሊዎች ሣር ወደሚግጡበት ወሽመጥ ነው። በሦስተኛው ማንም ውኃ አይነካም። ተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሙዚቃ እየሰማ፣ ዶሮ እየጋጠ ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል።

«ሦስተኛው» አለ ኪምሮን። ድምፁን ረጋ ለማድረግ የተቻለውን አደረገ። «ሦስተኛው ይሻላል።»

ከኋላ ወንበር የቴቪን ሳቅ ፈነዳ።

«አቦ ተው! ከጓቭ እስከ ካሪያኩ ደሴት ዋኝቼ ለምሳ እመለሳለሁ የሚል ልጅ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ሊያይ? ምን ነካህ፣ ጡረታ ወጣህ እንዴ?»

«እሱ እንኳ የጋብቻ በዓላቸውን ለሚያከብሩ ሽማግሌዎች ነው» አሉ ሚስ ኦጊልቪ። «ሩም አረቄው እንደ ውኃ ነው የሚቀዳው። ሁለቱ ቀሩልህ።»

ኪምሮን ሁለቱን ወረቀቶች ያዘ። መዳፉ ከማላቡ የተነሣ የአንደኛው ቀለም ጣቱ ላይ ተጋባ።

ኪምሮን መዋኘት አይችልም። ትንሽ ይሞክራል፣ ይንፈራገጣል የሚባልም አይደለም። ድንጋይ እንደማይችለው ነው የማይችለው። ይህን ደግሞ ከእሱ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጣጣው የጀመረው ባለፈው ሰኔ፣ በዓሣ አጥማጆች በዓል ነው። በዚያ ቀን ቄሱ ወደ መንደራቸው ጓቭ ባሕር ዳር ወርደው ጀልባዎቹን ይባርካሉ፣ ከዚያ ውድድር ይደረጋል፣ ከዚያ መንደሩ እስኪነጋ አይተኛም። ኪምሮን የተሳፈረባት ጀልባ ልታሸንፍ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። ሌሎቹ ቀፎዋ ላይ ተንጠለጠሉ። እሱ ያገኘው አንድ ባዶ የነዳጅ ጄሪካን ነበር፤ እናቱን እንኳ እንደዚያ አቅፏት አያውቅም። ማዕበሉ ከነጄሪካኑ እያላጋ ወስዶ አሸዋው ላይ ተፋው። የመጨረሻዋ ሞገድ ጄሪካኑን ከእጁ መንጥቃ ወሰደች፣ እሱም ተነሥቶ ቆመ። ባሕር ዳር የነበረው ሕዝብ ያየው ይህን ብቻ ነው፤ የዓሣ አጥማጁ የሴልዊን ልጅ፣ ባዶ እጁን፣ ከባሕር ሲወጣ።

«ዋኝቶ ወጣ! የሴልዊን ልጅ ዋኝቶ ወጣ!»

ምን ይበል? አፉ በጨው ውኃ ተሞልቶ ነበር። አፉ ባዶ በሆነ ጊዜ ደግሞ በትከሻቸው ተሸክመውት ነበር። ማታ ላይ ርቀቱ መቶ ሜትር ሆነ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንድ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ትምህርት ሲከፈት ታሪኩ ውስጥ ሻርክ ገባ። ሻርኩን ያስገባው ራሱ ኪምሮን ነው።

ማክሰኞ ቅጾቹ መጡ። ካታማራኖቹ ሁሉ የሚሠሩበት ደንብ ነው፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ «እዋኛለሁ» ወይም «አልዋኝም» ከሚለው በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። የማይዋኝ ቢጫ ተንሳፋፊ ሰደርያ ይለብሳል፤ ከአንድ ዋናተኛ ጋር ተጣምሮ፣ የዋናተኛው ስም ከጎኑ ተጽፎ ነው ውኃ የሚገባው።

ቅጾቹን የሚሰበስበው የክፍል አለቃው ነው። ኪምሮን ሲፈራ ደግሞ ይጮኻል፤ ሲብስበት ያስቃል። በዚያ ቀን ደግሞ በጣም ብሶበት ነበር።

«የማይዋኝ ማነው?» አለ ወንበር ላይ ቆሞ። «አይፈር፣ እጁን ያውጣ! የሕፃን ጎማ ከቤት አመጣለታለሁ፣ ዳክዬ የተሳለችበት! ዳክዬዋ ታፏጫለች፣ ከሰመጠ በፉጨቷ እናገኘዋለን!»

ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ቴቪን ጠረጴዛ ደበደበ። ቅጾቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ ሁሉም ላይ «እዋኛለሁ»፣ «እዋኛለሁ»፣ «እዋኛለሁ»። ከሃያ አራቱ ሃያ ሦስቱ።

የቀረችው ኬቱራ ነች። ውድድሩን ያሸነፈችላቸው እሷ ነች፤ ስለ ባሕር ኤሊ የተጠየቀችውን አምስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ የመለሰች፣ ኤሊ ግን ከመጽሐፍ ውጭ ዓይታ የማታውቅ።

«እኔ አልዋኝም» አለች፣ ቅጿን እያቀበለችው። «ዳክዬህን አምጣልኝ። ቢጫ ከሆነች ከሰደርያው ጋር ትሄድልኛለች።»

የሳቀ አልነበረም። ኪምሮን ወረቀቷን አየ። ከስሟ ጎን የጻፈችው የእሱን ስም ነው።

«ለምን እኔን?»

«ታዲያ ማንን ልጻፍ? ቴቪንን? እሱ እስክሪብቶውን እንኳ ይዞ አይቆይም። አንተ አንድ ኪሎ ሜትር ከሻርክ ጋር የዋኘህ ልጅ ነህ፤ ሃምሳ ኪሎ የማልሞላ ሰው ያቅትሃል?»

እናቷ ግን በቀላሉ የሚፈርሙ ሴት አይደሉም። ሚስ አልማ ገበያው በር ላይ የዓሣ ኬክ ይጠብሳሉ፤ የሚጠብሱበት ድስት ስፋቱ ትንሽ ጀልባ ያህላል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ኪምሮንን በጣታቸው ጠሩት።

«ና እስቲ ወዲህ። ቀና በልና ዓይኔን እየኝ።»

አየ።

«ይቺ ልጅ አንድ ነች። ሌላ የለኝም። እጇን አትለቅም?»

«አልለቅም ሚስ አልማ።»

«ማልልኝ።»

እምቢ የሚልበት ጊዜ ነበረው። አንድ ትንፋሽ ያህል። «በአባቴ ጀልባ» አለ።

ጓቭ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም፤ በአምላክ የማለ ሰው ይጠረጠራል፣ በጀልባ የማለ ግን ይታመናል። ሚስ አልማ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ፈረሙ። ሦስት የዓሣ ኬክም ጠቅልለው ሰጡት። በላው። ሦስቱም ሆዱ ውስጥ እንደ ጀልባ መልሕቅ ተቀመጡ።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በሚኒባስ ወደ ዋና ከተማዋ ሴንት ጆርጅስ ወረደ። ወደቡ ዳር፣ ሌዲ ኮራሊ በታሰረችበት፣ ጃንጥላ ሥር የጀልባዋ አዛዥ ሴትዮ፣ ካፒቴን ማርቫ፣ ተቀምጠዋል። ቁመታቸው እንደ ምሰሶ ነው፤ ቢቆሙ ሸራ ሊሰቀልባቸው ይችላል።

«ከጓቭ ነው የመጣሁት። የክፍል አለቃ ነኝ። ጉዞ ልመርጥ ነው።»

«ምረጣ።»

«ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«የየትኛው?»

«የሁለቱም።»

«ሐውልቶቹ ጋ ስምንት ሜትር ይደርሳል። ኤሊዎቹ ጋ ደረት ድረስ ነው።»

«የኔ ደረት ወይስ የርስዎ?»

ካፒቴን ማርቫ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። «ምን ልትሆን ነው፣ ልብስ ልትሰፋልኝ?»

«አይ... ለጓደኛዬ ነው። አትዋኝም። እና ደግሞ... ውኃው ውስጥ ሳይገቡ ዝም ብሎ መሄድስ ይቻላል?»

«ዳቦ ቤት ገብቶ አሽትቶ መውጣትም ይቻላል» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ለዘብ አለ። «ያንተ ደረት ነው። ጓደኛህ ከፈራች እግሯን አሸዋው ላይ ታቆማለች። ደግ ልጅ ነህ።»

«ኤሊዎቹ!» አለ ኪምሮን፤ ጩኸቱ ወደቡ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣ። «ኤሊዎቹን መርጠናል!»

ሚኒባሱ ውስጥ ነፍሱ ተመለሰች። ሐሳቡ ቀላል ነው። በእግር ጣቱ አሸዋውን እየረገጠ፣ ከላይ እጁን እንደ ዋናተኛ እያወራጨ ይሄዳል። ከላይ ለሚያይ ሰው ዋና ነው። ወንበሩ ላይ ሆኖ ሞከረው፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ቅርጫታቸውን አንሥተው ሌላ ቦታ ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ረስቷል። ከሰኞ ጀምሮ፣ ጉዞው እንዲሰረዝ ብሎ፣ ጠዋትና ማታ ተንበርክኮ ዝናብ ሲለምን ነበር። ልመናዬን ትቻለሁ ብሎ ደግሞ ለአምላክ አልነገረም።

ዝናቡ ረቡዕ ማታ መጣ። የኖኅን ዘመን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ያኛው ካፊያ ነበር ይል ነበር። ሐሙስ ሙሉ ቀን ዘነበ። ወንዞቹ ከኮረብታው ጭቃ፣ ቅርንጫፍ፣ የአንድ ሰው የዶሮ ቤት ሳይቀር ይዘው ወረዱ። ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ፣ ፀሐይዋ አዲስ የተገዛች መስላ ወጣች። ኪምሮን ክፍል ሲገባ ሚስ ኦጊልቪ ስልክ ይዘው ቆመዋል።

«ካፒቴኗ ደውለው ነበር። ወንዙ ጭቃውን በሙሉ ኤሊዎቹ ወሽመጥ ላይ ደፍቶታል፤ ውኃው የካካዎ ሻይ መስሏል፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ ጣቱን አያይም። ስለዚህ ነገ ወደ ሐውልቶቹ እንሄዳለን! እዚያ ወንዝ ስለሌለ ውኃው እንደ መስታወት ነው!»

ክፍሉ በእልልታና በፉጨት ተናጋ። ቴቪንም ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን ቶሎ ተቆረጠ። ኬቱራ ዞር ብላ ለኪምሮን ፈገግ አለች። ኪምሮን ስምንት ሜትር ስንት ኪምሮን እንደሚሆን እያሰላ ነበር። አምስት። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ አምስት ኪምሮን፣ የላይኛው አፍንጫም ከውኃው በታች ይቀራል።

ከትምህርት በኋላ ቤት አልገባም። አባቱ አሸዋው ላይ፣ በተገለበጠው ጀልባ ጥላ ሥር፣ የቱና መንጠቆዎቹን ከረጅሙ ገመድ ላይ እየፈታ ያስተካክላል። ሴልዊን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደሴቲቱ እስክትሰወር ርቆ እየሄደ ከራሱ የሚከብድ ዓሣ ጎትቶ የሚመጣ ሰው ነው።

«ዳዲ፣ ዋና አስተምረኝ።»

አባቱ ሳቀ። «ማንን ነው የማስተምረው?»

«እኔን።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። መንጠቆውን አስቀመጠ።

«ያን ዕለት... ውድድሩ ላይ?»

«ጄሪካን ነበረ። ማንም አላየውም።»

ኪምሮን ጥፊ ጠበቀ፤ ጥፊ በመጣና በተገላገለ።

«በዚያ ዕለት እኮ ሩም ቤቱ ውስጥ ለነበረው ሁሉ ጋብዣለሁ» አለ አባቱ። «በጣም ነበር ደስ ያለኝ። እኔ ያልቻልኩትን ልጄ ቻለ ብዬ።»

«አንተ ያልቻልከውን?»

«መዋኘት እችላለሁ ያለህ ማነው?»

«ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ—»

«ጀልባ ላይ! ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ጀልባ ላይ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አባቴም አይችልም ነበር። እዚህ ከተደረደሩት ጀልባዎች ባለቤቶች ስንቱ የሚችል ይመስልሃል? ማንም አይጠይቀንም። ዓሣ አጥማጅን ትዋኛለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ?»

ኪምሮን የተደረደሩትን ጀልባዎች አየ። ሁሉም በደማቅ ቀለም የተቀቡ፣ ደረታቸውን የነፉ ናቸው።

«ቦይሶ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አለ አባቱ፣ መንጠቆውን መልሶ እያነሣ። «ሳትወለድ ነው። ተረበኛ፣ ወሬኛ፣ ከኔ ይበልጥ ጉረኛ። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ከጀልባው ወደቀ። ከዚህ እስከዚያ ስንት ይሆናል? ኳስ ብትመታ ትደርሳለች። ሦስታችን እዚህ ቆመን ነበር፣ ገመድ በእጃችን። እጁን ሲያወዛውዝልን እኛም አወዛወዝንለት።» መንጠቆውን በእጁ አገላበጠ። «እዋኛለሁ ብሎን ነበራ።»

ሞገዱ መጥቶ ተመለሰ።

«ነገ አብሮህ የሚገባው ማን ነው?»

«ኬቱራ። የሚስ አልማ ልጅ።»

አባቱ ቀና ብሎም አላየውም። «መርከቧ ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«ገና ነው፣ ጊዜ አለህ» አለ ሴልዊን፣ እና ገመዱን መፍታት ቀጠለ።

ኪምሮን ግን «ገና ነው»ን የተረጎመው በራሱ መንገድ ነው። ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ሰው የማያየው ጥግ ፈልጎ፣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባ። ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷታል፤ በሁለት ሰዓት ዋና የተማረ ሰው እንዳለ ስልኩ ላይ ፈልጎ፣ አንድ ሰውዬ «በአሥር ደቂቃ» ሲል አይቷል። በደረቱ ተኛ። ሰመጠ። ተነሣ፣ አሳለው። በጀርባው ተኛ። ባሕሩ ባፍንጫው ገብቶ እስከ አንጎሉ ዘለቀ። እጁን አወራጨ፣ እግሩን አወራጨ፣ አሸዋ ዋጠ። ከሃያ ጊዜ በኋላ፣ ጉልበቱን አቅፎ ጥልቀቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ማንም አላየውም፤ ያ ብቻ ተሳክቶለታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ኬቱራ አጠገቡ ተቀመጠች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ ዓይኗ ግን ይስቃል።

«ኬቱራ፣ አንድ ነገር...»

«አውቃለሁ፣ አትጨነቅ። ጥፍሬን ቆርጫለሁ» አለች፣ አሥሩንም ጣቶቿን ፊቱ ላይ ዘርግታ። «በጣም ከፈራሁ ጥብቅ አድርጌ ስለምይዝህ እንዳልቧጭርህ ብዬ ነው። ምን ልትለኝ ነበር?»

«ምንም» አለ ኪምሮን።

ካፒቴን ማርቫ ሌዲ ኮራሊን ከወደቡ ሲያወጧት፣ ልጆቹ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል በተወጠረው መረብ ላይ ተንጋለው ጮኹ፣ ዘፈኑ፣ ከታች የሚረጨው ውኃ ጀርባቸውን ሲነካቸው ተንጫጩ። ኪምሮን ምሰሶውን ይዞ ቆመ። አሁን እነግራታለሁ አለ፣ ያቺን ዐለት ስናልፍ። ዐለቷ አለፈች። ያቺን ነጭ ቤት ስናልፍ። ቤቱ አለፈ። መልሕቁ ሲጣል ሰንሰለቱ ተንኳኩቶ ተንኳኩቶ የሚያልቅ አልመስል አለ።

ውኃው በእርግጥም እንደ መስታወት ነበር። ከታች፣ እሩቅ፣ አረንጓዴው ውስጥ፣ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ የተያያዙ ሐውልቶች ቆመዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል።

ካፒቴኗ በትንሽ ሰሌዳ ላይ የተያዘውን ዝርዝር አነበቡ። ግንባራቸውን ቋጠሩ። ደግመው አነበቡ።

«ሃያ ሦስት ዋናተኛ?» አሉ። «ከአንድ ክፍል? እኔ ራሴ ከጓቭ ነኝ እኮ። መንደሩን በሙሉ ብትሰበስቡልኝ ሃያ ሦስት አይሞላም።» ቀልዱ ከድምፃቸው ጠፋ። «ስሙኝ። ያሉኝ ሁለት ጠባቂዎች ናቸው። ውኃ ውስጥ የሚከታተሉት ቢጫ የለበሰውን ነው። ቢጫ ያልለበሰ ራሱን ይችላል ብዬ ነው የማምነው። እውነት ሁላችሁም ትዋኛላችሁ?»

ኪምሮን ዞሮ ክፍሉን አየ። አንዱ የጭምብሉን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያሥራል። አንዷ ጣቷን ትነክሳለች። ማንም ካፒቴኗን አያይም። የሚያዩት እሱን ነው፤ ወንበር ላይ ቆሞ ስለ ዳክዬ የጮኸውን።

«ዝም ካላችሁ እሺ» አሉ ካፒቴን ማርቫ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። «የመጀመሪያ ጥንድ። ኪምሮንና ኬቱራ።»

ኬቱራ ቢጫውን ለብሳ መሰላሉ ጋ ቀረበች። እጁን የእጅ አንጓው ላይ ያዘችው። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ።

«ኪምሮን!» አሉ ሚስ ኦጊልቪ። «ፊትህ አመድ መስሏል እኮ! ባሕሩ አመመህ እንዴ? ካመመህ ቁጭ በል፣ ግድ የለም። ቴቪን ኬቱራን ይዟት ይገባል።»

በሩ ይኸው ተከፈተ። ሰው ያመዋል፤ የዓለም ታላቁ ዋናተኛም ቢሆን ያመዋል። ሆዱን ይዞ መቀመጥ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ሻርኩም፣ ኪሎ ሜትሩም፣ ስሙም ምንም ሳይነኩ ይተርፋሉ።

«እኔ?» አለ ቴቪን።

ከአጠገቡ ከቆመው ከኪምሮን በቀር የቴቪንን ድምፅ በደንብ የሰማው አልነበረም። ከዚያ ጠረጴዛ ደብዳቢ፣ ከዚያ ሳቂታ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር የወጣው። የመርከቧን ብረት የያዘበት እጁ አጥንቱ ነጭ ሆኗል።

«አላመመኝም ሚስ» አለ ኪምሮን። «መዋኘት አልችልም።»

ሳቅ ፈነዳ።

«ፎገረን!» አለ አንዱ። «ይህን ልጅ ስሙት! ሙድ ሊይዝብን ነው!»

«እውነቴን ነው! አልችልም! ያኔ ጄሪካን ነበረ። አቅፌው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ነው ከእጄ የወጣው። አልዋኘሁም። አንድ ክንድ እንኳ አልዋኘሁም። ሻርክም የለም፣ ሻርኩን ራሴ ነኝ ያመጣሁት!»

ሳቁ ከዚህም ከዚያም እየተቆራረጠ ጠፋ። አንጓው ላይ የነበሩት ጣቶች ለቀቁት።

«እናቴን ዓይኗን እያየህ ምለሃል» አለች ኬቱራ።

«አዎ።»

«በአባትህ ጀልባ።»

«አዎ።»

«ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ ምን ልትለኝ ነበር ስልህ...» አልጨረሰችውም። አገጯ ተንቀጠቀጠ፤ ከሚያለቅስ ሰው ይልቅ የሚማታ ሰው አገጭ ነበር። «አምኜህ ልገባ ነበር እኮ፣ ኪምሮን።»

ኬቱራ ከመሰላሉ ዞር ብላ ካፒቴኗ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

ካፒቴን ማርቫ አልተቆጡም፣ አላጽናኑትምም። ሰሌዳውንና እስክሪብቶውን ዘረጉለት።

«ስምህን ከዚያኛው ሰርዝና እዚህኛው ላይ ጻፈው።»

ሰረዘ። «አልዋኝም» በሚለው ሥር፣ ከኬቱራ ስም በታች፣ የራሱን ስም ጻፈ። ሁለት ስም ብቻ ያለበት ረጅም ባዶ ቦታ ነበር። ከመርከበኞቹ አንዱ ቢጫ ሰደርያ በአንገቱ አጠለቀለት።

ሰሌዳውን ለካፒቴኗ ሊመልስ እጁን ዘረጋ። አልተቀበሉትም። እጃቸውን አጣጥፈው ከእሱ ትከሻ በላይ አሻግረው ያያሉ።

ከኋላው ሃያ ሁለት ልጆች ቆመዋል። ውኃው የመርከቧን ሆድ ቀስ ብሎ ይመታል። ኪምሮን ሰሌዳውንና እስክሪብቶውን በትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ፊቱን ግን ባሕሩ ላይ አደረገ። እጁ እስኪዝል ቆየ። ማንም አልወሰደውም። እሱም አላወረደውም።

ከዚያ አንድ ሰው እስክሪብቶውን ከጣቶቹ መካከል ሳብ አደረገው።

ኪምሮን ማን እንደሆነ ለማየት አልዞረም።